ፍሪጅ በእቁብ ልግዛ ወይስ ልቆይ?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ከድሬዳዋ ነኝ። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ በእጄ የሚገባው 9,200 ብር ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ወር በገባ በ12ኛው ቀን ያለ ዱቤ መንቀሳቀስ አልችልም፤ ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ባለሱቁን ለምኜ የዱቤ ደብተሩን ለአንድ ሌሊት ተዋስኩት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ የጥቅምትን ገጾች በእርሳስ ደመርኩ፤ 4,380 ብር ሆነ። ስኳርና ሳሙና ነው የሚጨርሰኝ ብዬ አስብ ነበር። ሁለቱ ተደምረው 660 ብቻ ናቸው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ 1,610። ሃይላንድና ለስላሳ 1,150። ዘይት 960፣ እሱም 12 ጊዜ በትንሽ በትንሹ እየተቀዳ። «ሮጥ በልና አንድ ነገር አምጣ» እያልኩ ልጄን የላክሁበት ሁሉ እዚያ ተጽፏል።

ቀፊራ ገበያ ወርጄ የሳምንቱን እንዳልገዛ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። 2 ኪሎ ቲማቲም በሦስተኛው ቀን ውኃ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ እንጀራውም ይሻግታል። በጥር የእቁብ ዕጣዬ 24,000 ብር ይደርሰኛል። ያገለገለ ፍሪጅ ልግዛበት ወይስ ለክፉ ቀን ላስቀምጠው?

የለገሀሬ እናት፦
ልጄ፣ ደብተሩን መደመርሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ አምስት ልጅ ያለ ፍሪጅ ነው ያሳደግሁት። የሃይላንድና የለስላሳውን 1,150 ለብቻው እዪው፤ እሱ እስከ ጥር አይጠብቅም። እንስራ ግዢ፣ ዙሪያውን በቃጫ ጆንያ ጠቅልዪና ጆንያውን አርሺው። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጪው። ጆንያው ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ ቀትር ላይ እንኳ ለጥርስ የሚያስታውቅ ውኃ ትጠጫለሽ። የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ፤ አፍልተሽ አሳድሪውና ከላይ ከላዩ ቅጂ።

ቲማቲም ስትገዢ መቅላት የጀመረውን ምረጪ። በፌስታል አታሳድሪ፣ ሰፌድ ላይ ዘርጊው። መለስለስ የጀመረውን ዛሬውኑ በጨውና በዘይት አብስለሽ ድልህ አድርጊው። ሽንኩርቱን ከድንች ለይተሽ አንጠልጥዪው።

ማሽላ በታኅሣሥ፣ አዝመራው ሲገባ ይረክሳል፤ ከጤፍ ቀላቅለሽ ጋግሪ። ግን ብዙ አትግዢ፣ በሙቀታችን ቶሎ ይነቅዛል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ብር ሲኖርሽ እሱን አከማቺ።

ኤሌክትሪሺያኑ፣ ገንደ ቆሬ፦
እህቴ፣ እናታችን ያሉትን ተቀብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ፍሪጅ የሚያዋጣሽ ከምጣዱ ጋር ስታሰዪው ነው። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ በተለኮሰ ቁጥር እስኪግል ድረስ የሚበላው መብራት ደግሞ ያለ ሥራ የሚሄድ ነው። አሁን በሦስት ቀን አንዴ ከጋገርሽ፣ ፍሪጅ ሲኖር በሳምንት አንዴ ይበቃሻል። ትንሽ ፍሪጅ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ በእኛ ሙቀት ከዚያም ያልፋል። መብራት ደግሞ በበዛ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ስለሚጨምር ይህን አስቀድመሽ አስልተሽ ግቢ።

ያገለገለ ከሆነ ወረቀት በበሩ መሃል ከተሽ ዝጊ። ወረቀቱ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ተይው። ሳይቋረጥ ሁለት ሰዓት ሲሠራ ሳታዪ ብር እንዳትቆጥሪ። እኔ ራሴ ቸኩዬ ገዝቼ በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩ ተቃጠለ፤ ሻጩ ስልክ አላነሳም። መብራት ሲጠፋ ንቀይው፣ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ቆይተሽ ሰኪው። ከግድግዳው አራቂው፤ ጀርባው ካልተነፈሰ ሲሠራ ይውላል።

የጀጎል ልጅ፦
አቦ፣ እኔ ሐረር ነኝ፣ ባጃጅ ነው የምነዳው። ያንቺ ደብተር ተደመረ፤ የባለቤትሽስ? እኔ የጫቴን የአንድ ወር ስደምር ከቤት ኪራዬ እኩል መጣ። ወላሂ ለሚስቴ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን የቀን እቁብ 100 ብር ከተርሚናል ሳልወጣ እከፍላለሁ። ቤት ከገባ ብር አይቆይም። በቁጣ ሳይሆን፣ ደብተሩን አሳይተሽ አብራችሁ ተነጋገሩ።

የሳቢያኗ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ደብተሩን አሳየሁት። ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ገጹን ሲያይ ቆየና «ይሄ ሁሉ ውኃ ነው?» አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ የራሱን በስልኩ እየጻፈ ነው። ዘይቱን በ5 ሊትር ጄሪካን አብረን ልንገዛ ተስማማን፤ ፍሪጁን ጥር ላይ እንደገና እናየዋለን። እማማ፣ እንስራ ከቀፊራ ገዛሁ። ጆንያውን የማርሰው ጠዋት ብቻ ነው?

የለገሀሬ እናት፦
ጠዋት፣ ስድስት ሰዓት ላይና ማታ። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ውኃ ድፊው፣ አፈር አፈር ይላል።