የሸክላ ኩባያዎቼ ከተሸጡ በኋላ ግሌዛቸው (መስታወት መሳይ ልባሳቸው) እየተሰነጠቀ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ሰማያዊ ኩባያ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምሠራው። በቀይ አፈር ኩባያ ሠርቼ በኮባልት (ሰማያዊ ቀለም በሚሰጥ የማዕድን ዱቄት) አስጌጣለሁ፣ ከላይ ብርሃን አሳላፊ ግሌዝ አለብሰዋለሁ። የመጀመሪያው ቃጠሎ 950፣ የግሌዙ 1060 ዲግሪ ነው። ከምድጃ ሲወጡ ምንም አይታይባቸውም፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣባቸዋል፣ ሻይ ሲቀመጥባቸው ከሥር ያረጥባሉ። አንድ ካፌ 40 ኩባያ አዞኛል። አፈሩን ልቀይር ወይስ ግሌዙን?

ጭቃና እሳት፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ከመቀየርሽ በፊት ቃጠሎውን ቀይሪ። በ950 የተቃጠለ ቀይ አፈር ገና ውሃ ይመጥጣል። ርጥበት በጠጣ ቁጥር በጥቂቱ ያብጣል፤ ግሌዙ አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ዘግይቶ የሚመጣው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ቃጠሎ 1100 አድርሺውና እዚያው ላይ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፤ የግሌዙን 1040 እስከ 1060 ተዪው። አስቀድመሽ ግን ከዚያው አፈር ቀጭን ዘንግ ሠርተሽ ሁለት ጫፉን ብቻ አስደግፈሽ አቃጥዪ። መሃሉ ከጎበጠ ሙቀቱ ለአፈሩ በዝቷል፣ 20 ዲግሪ ቀንሺ።

በ1100 የወጣ ዕቃ ግሌዝ ቶሎ አይስብም፣ ይንሸራተትበታል። ዕቃውን ሞቅ አድርገሽ ንከሪው፣ ግሌዙንም ወፈር አድርጊው።

ስንጥቁ ካልቆመ ለ100 ግራም ደረቅ ግሌዝ 3፣ 6፣ 9 ግራም የደቀቀ ሲሊካ (የነጭ አሸዋ ዱቄት) ጨምረሽ በሦስት ናሙና ሞክሪ። ሲበዛ ግሌዙ ሳይቀልጥ ይፈዛል። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ ያለ ማስክ አትመዝኚ።

እናት ጓዳ፦ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው በዘይት ወይም በወተት ብታሟሻቸውስ?

ጭቃና እሳት፦ ግሌዝ ለሌለው ጀበናና ድስት ደግ ነው። እዚህ ግን ዘይቱ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይሻግታል፣ ለካፌ አይሆንም።

ሚዛን፦ መሻሻሉን በዓይን ብቻ አትገምቺ። ግሌዝ ያልነካው የተቃጠለ ቁራጭ መዝኚ፤ ከዚያ 5 ሰዓት ቀቅዪው፣ እስከ ማግስቱ እዚያው ውሃ ውስጥ ተዪው፣ ጠርገሽ እንደገና መዝኚ። 200 ግራም የነበረው 220 ከሆነ 10 በመቶ ጠጥቷል ማለት ነው፤ አዲሱ ቃጠሎ ይህን ቁጥር ማውረድ አለበት። ግሌዙን ለመፈተን ደግሞ ኩባያውን በምድጃ 150 ዲግሪ አሙቀሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ ከዚያ ቀለም ቀብተሽ ጥረጊው። ስንጥቅ ካለ ቀለሙ ያጋልጠዋል።

ብሩሽ፦ ኮባልቱን ለብቻው በውሃ አትቀቢ፤ ዱቄቱ ግሌዙን ያስሸሸዋል። ከራስሽ ግሌዝ ጥቂት ቀላቅለሽበት ቀቢ። ጌጡ ከውጭ ብቻ ይሁን፤ ውስጡና ከንፈር የሚነካው ጠርዝ በአሳላፊ ግሌዝ ብቻ ይሸፈን። እርሳስ ያለበት ግሌዝ ለመጠጫ ዕቃ ፈጽሞ አይነካም።

ሚዛን፦ ስለ ትዕዛዙ አንድ ነገር ልጨምር። አፈርሽ በቁመትም በስፋትም 10 በመቶ የሚቀንስ ከሆነ ኩባያው የሚይዘው መጠን 27 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 180 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ከፈለጉ እርጥቡ 247 ይያዝ። ለ40ው 50 ሥሪ። ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ምድጃውን ከ85 አታሳልፊ፣ ወፍራም እጀታ መጀመሪያ የሚፈነዳው እዚያ ነው።