የመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ አላራምድ ብሎኛል፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጤና ይስጥልኝ። በጀርመን አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። የመግቢያውን የቋንቋ ፈተና ካለፍሁ በኋላ ከባዱን የጨረስሁ መስሎኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1050 እስከ 1350 ገደማ ይጻፍ የነበረውን ጀርመንኛ በምናነብበት ኮርስ ሁለት ጊዜ ስለወደቅሁ የቀረኝ አንድ ዕድል ብቻ ነው።

የድምፅ ለውጡ አያደናግረኝም፤ የጥንቱ «ሚን ኒውወስ ሁስ» ዛሬ «ማይን ኖየስ ሃውስ»፣ ማለትም «አዲሱ ቤቴ» እንደሆነ አውቃለሁ። ያቃተኝ ትርጉማቸውን የለወጡት ቃላትና የግሦቹ እርባታ ነው። የዛሬውን «ሆኽትሳይት» አስቤ «ሆኽጌትሲት»ን «ሠርግ» ብዬ ብተረጉም ነጥብ አጣሁበት፤ ለካ በዚያ ዘመን ማንኛውም ታላቅ ድግስ በዚህ ስም ይጠራ ኖሯል። አናባቢያቸውን በመለወጥ ከሚረቡት፣ «ጠንካራ» ከሚባሉት ግሦች ብዙዎቹ ደግሞ በኃላፊ ጊዜ ለነጠላና ለብዙ የተለያየ አናባቢ ይይዛሉ፤ «ወረወርሁ» ሲሆን «ኢኽ ዋርፍ»፣ «ወረወርን» ሲሆን «ዊር ዉርፈን» ይባላል። አማርኛችንም በግሥ ውስጥ አናባቢ ስለሚቀያይር ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

ይህን ትምህርት ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ሰባቱን የጠንካራ ግሦች ምድብ በሰንጠረዥ ሸመደዳችሁ ወይስ ከጽሑፍ እያነበባችሁ ለያችሁ? መዝገበ ቃላት በማይፈቀድበት ፈተና ትርጉማቸው የተለወጠ ቃላትንስ እንዴት ያዛችኋቸው? ፈተናው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።