ክርክር፦ ሆስፒታሎች የሲቲና የኤምአርአይ ምስል እንዲለዋወጡ በሕግ ይገደዱ?

ጠያቂው፦ እናቴን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉላት። የሆድ ሲቲ ስካን እዚያው ተነስታ ነበር። ፊልሙን በፌስታል ይዘን መጣን። እዚህ ግን «ሌላ ቦታ የተነሳ አንቀበልም፣ ትድገም» ተባልን። ደግመን ከፈልን። ምስሉ በኢንተርኔት ቢላክ ምን ነበረበት? እኔ ይገደዱ ባይ ነኝ።

ራዲዮሎጂስት፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። አንዳንዴ መድገም ግድ ይሆናል፤ ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት፣ ኮንትራስት የምንለው፣ ሳይሰጣት ተነስታ ከሆነ ለምሳሌ። ሌላው ጣጣ ፊልሙ ነው። አንድ ሲቲ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች አሉት፤ ፊልም ላይ የሚታተሙት ጥቂቶቹ ናቸው። ጉበቱን ለብቻ፣ አጥንቱን ለብቻ አጉልቼ ልይ ብል አልችልም። ዋናው ፋይል ዳይኮም ይባላል። በፈረንጆቹ 1993 በዚህ ስም የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። አንዱ ኩባንያ የሠራው ማሽን ያነሳውን የሌላው ይከፍተዋል። ስለዚህ «ቴክኖሎጂው የለም» የሚለኝ ሰው አያሳምነኝም። ደግሞ ጉዳቱ የብር ብቻ አይደለም። የአንድ ሆድ ሲቲ ጨረር የደረት ራጅን መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።

የምርመራ ማዕከል ሠራተኛ፦ ማሽኑ የገባው በዶላር ነው። ሌላው ያነሳውን እያየን በነፃ እንሥራ? ሰውየው በደንብ ባላነሳው ምስል ብንሳሳትስ ማን ሊጠየቅ ነው?

ጠያቂው፦ አሁን ወጣ! ነገሩ ገበያ ነው በሉና።

ነርስ፦ እኛ ጋ እኮ ልውውጡ ድሮ ተጀምሯል፣ በቴሌግራም። ማታ ተረኛው ሐኪም ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልኩ ያነሳና ለስፔሻሊስቱ ይልካል። ሰው ተርፎበታል፣ አልዋሽም። ግን የታማሚው ስምና ዕድሜ ፊልሙ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳለ በምን ይታወቃል?

የአይቲ ሰው፦ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ አስገብቶታል። የምስል መለዋወጫ ሥርዓት ቢዘረጋ ፋይሉን ማን እንደከፈተው፣ መቼ እንደከፈተው ይመዘገባል። ቴሌግራም ላይ ይሄ የለም። ግን ነገ ይገደዱ ማለትም ይከብዳል። አንድ ሲቲ በመቶዎች ሜጋባይት ይመዝናል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ማን ይልከዋል? በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ይጀመር። ለሌላው እስከዚያ ሲዲ ይበቃል።

ጠያቂው፦ ሲዲማ በሁለተኛው ዙር ሰጥተውናል። ለቀዶ ሐኪሙ ስንወስድለት ኮምፒውተሩ ሲዲ ማስገቢያ የለውም።