ከጓሮ ሰርቪስ ቤት የማይደርስ ዋይፋይ፦ የራውተር ቅንብር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ግቢ ቤት ውስጥ ሲሆን የፋይበር መስመር ከገባልን ሦስት ወር ሆኖናል። ራውተሩ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ሳሎን ውስጥ ምንም ችግር የለም። ልጄ የምታጠናው ግን ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው፤ እዚያ ስልኳ የዋይፋይ ምልክት እያሳየ ገጽ አይከፍትም፤ በተለይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ጭራሽ አይሠራም፤ ሌሊት ግን ይሻለዋል። ራውተሩ ሁለት ስሞች ያሳያል፤ አንደኛው መጨረሻው ላይ «5ጂ» ስለሚል ይበልጣል ብዬ እሷን በዚያ ነው ያገናኘኋት። ቅንብሩን ለማየት 192.168.1.1 ብዬ ስጽፍ የፍለጋ ውጤት ብቻ ይመጣብኛል። እንዳላበላሸውም እሰጋለሁ፤ ጎረቤቴ ከራውተሩ ኋላ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ አራት ቀን ያለ ኢንተርኔት ቆይቷል።

መልስ (ከገላን ኮንዶሚኒየም)

ጎረቤትዎ የተጫኗት ቀዳዳ ሪሴት ናት፤ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን መስመሩ የሚገናኝበትን የተጠቃሚ ስምና ምስጢር ጭምር ስለምታጠፋ እርስዎ አይንኳት። ወደ ቅንብሩ ገጽ ለመግባት በመጀመሪያ የስልክዎን የሞባይል ዳታ ያጥፉና በዋይፋይ ብቻ ይገናኙ፤ ከዚያ አድራሻውን ከነነጥቦቹ በብራውዘሩ የላይኛው መስመር ላይ ይጻፉ። በነጥብ ፋንታ ኮማ ወይም ባዶ ቦታ ከገባ ብራውዘሩ እንደ ፍለጋ ቃል ይቆጥረዋል። አሁንም ካልከፈተልዎ ራውተሩን ገልብጠው ከታች የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ አንዳንዱ ራውተር አድራሻው 192.168.0.1 ወይም 192.168.100.1 ነው፤ የመግቢያው ስምና የይለፍ ቃልም ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል። ውስጥ ከገቡ በኋላ «ዋን» የሚለውን ክፍል (ራውተሩ ከውጭው የኢንተርኔት መስመር ጋር የሚገናኝበትን) አይንኩ፤ የእርስዎ ጉዳይ ያለው «ዋየርለስ» ወይም «ደብሊውላን» በሚለው ሥር ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይለዩልን። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ራውተሩ አጠገብ ቆመው ይሞክሩት። እዚያም ከተንቀራፈፈ ችግሩ መስመሩ ላይ ስለሆነ የዋይፋይ ቅንብር ቢነካካ ዋጋ የለውም። እዚያ ፈጥኖ ጓሮ ብቻ ከሞተ ግን ጉዳዩ የዋይፋዩ ነው። «5ጂ» የተባለውም የሞባይሉ አምስተኛ ትውልድ አይደለም፤ 5 ጊጋኸርትዝ ለማለት ነው፤ ከቅርብ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ሲገጥመው ግን ከ2.4 ጊጋኸርትዙ ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ልጅዎን ወደ ሌላኛው ስም ያዛውሯት።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ፤ ችግሩ ለካ በነጥቡ ፋንታ ኮማ እየጻፍኩ ነበር። ትናንት ማታ ሞከርኩት፤ ሳሎን ፈጣን ነው፣ ጓሮ ወደ 2.4 ከተዛወረችም በኋላ ምሽቱን ይቆራረጣል። ገጹ ላይ ቻናሉ (ራውተሩ የሚያስተላልፍበት የሞገድ መስመር) «ኦቶ»፣ ማለትም ራውተሩ ራሱ የሚመርጠው፣ ስፋቱ 40 ሜጋኸርትዝ ይላል። ዋይፋይ የሚቃኝ መተግበሪያ ጭኜ ጓሮ ላይ ባየው አሥራ አራት ስሞች ወጡ፤ አሥሩ ቻናል 6 ላይ፣ ሦስቱ 11 ላይ፣ አንዱ 1 ላይ ናቸው።

መልስ (ከየካ አባዶ)

ታዲያ ቻናል 3 ባዶ ነው ማለት ነው። እዚያ አድርጉትና ይገላገሉ።

መልስ (ከአያት)

ከላይ የተሰጠው ምክር ቅን ቢሆንም እባክዎ አይከተሉት። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ቻናሎቹ እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርትዝ ብቻ ሲሆን አንድ ዋይፋይ ግን ቢያንስ 20 ሜጋኸርትዝ ያህል ቦታ ይይዛል። የቻናል 1 መካከል 2412፣ የቻናል 6 ደግሞ 2437 ሜጋኸርትዝ ስለሆነ 3 ላይ የተቀመጠ ሰው ባዶ ቦታ አላገኘም፤ ከሁለቱም ጋር ነው የሚጋጨው። ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች ይደማመጣሉ፤ በዕድር ስብሰባ ላይ ሰው ተራውን ጠብቆ እንደሚናገረው ማለት ነው፤ ይዘገያል እንጂ ይሰማል። በግማሽ የተደራረቡት ግን ከአጥር ማዶ እንደሚጮኽ ሌላ ጉባኤ ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ጫጫታ ብቻ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ቻናሉን 1 ላይ ያጽኑት፤ ስፋቱንም ከ40 ወደ 20 ያውርዱት። 40 ሜጋኸርትዝ በወረቀት ላይ ፈጣን ነው፤ ጎረቤት በበዛበት ሰፈር ግን ከባንዱ (ከጠቅላላው የሞገድ ክልል) ግማሹን ለብቻ ለመያዝ መሞከር ስለሆነ ትርፉ መጋፋት ነው። «ኦቶ»ንም የማልወድበት ምክንያት አለኝ፦ በእኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሡና ቻናላቸውን ገና ባልተረጋጋ አየር ላይ ይመርጣሉ፤ ብዙዎቹም በመረጡት ላይ ይቆያሉ።

መልስ (ከለገጣፎ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያ)

ቻናሉ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን የግቢውን አሠራር ማወቅ እሻለሁ። ከሳሎኑ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ስንት ግድግዳ አለ? በመካከል የውሃ ሮቶ ወይም የቆርቆሮ መከለያ ይኖራል?

ጠያቂው

ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ በመካከል ደግሞ ቋሚ ላይ የተሰቀለ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ አለ። የሰርቪሱ በር ብረት ነው። ርቀቱ ወደ 18 ሜትር ይሆናል።

መልስ (ከለገጣፎ)

እንግዲያው መልሱን ራስዎ ሰጡን። ውሃ የ2.4 ጊጋኸርትዝን ሞገድ ይመጠዋል፤ ብረት ደግሞ ይመልሰዋል። ቴሌቪዥንም በጀርባው ብረት ስላለበት ራውተሩን ከዚያ አውጥተው ከቡፌው ከፍ ባለ ቦታ፣ በጓሮ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ይስቀሉት። ይህ ብቻ ለውጥ ያመጣል፤ ነገር ግን ሮቶው ሲሞላና ሲጎድል ምልክቱም አብሮ ሊለዋወጥ ስለሚችል ሙሉ መፍትሔ ነው ብዬ አልዋሽዎትም።

ሱቅ ውስጥ «ሪፒተር» (የዋይፋዩን ምልክት ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ይሸጡልዎታል። እኔም ገዝቼ ነበር፤ ባለ አንድ ባንዱ ሪፒተር የሚቀበለውንም የሚያስተላልፈውንም በአንድ ሬዲዮ ስለሚያካሂድ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ደካማ ምልክት ባለበት ከተሰካ ደግሞ የሚያሰፋው ድካሙን ነው።

ቤትዎ አሮጌ ራውተር ካለ በገመድ ያድርጉት። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ስለሚሠራ የእርስዎ 18 ሜትር ምንም ማለት አይደለም። ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡት፤ ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ግን አይሂድ። አሮጌውን ራውተር ከዋናው ጋር ከማገናኘትዎ በፊት ለብቻው ከፍተው አድራሻውን ወደ 192.168.1.2 ይቀይሩ፣ ቀጥሎም ዲኤችሲፒውን (ለስልኮችና ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለውን አሠራር) ያጥፉ። ቅደም ተከተሉን ከዘለሉ ሁለት ራውተር አድራሻ ማደል ይጀምርና ዋናው ቤት ያለውም ኢንተርኔት ይታመማል። ገመዱን የሚሰኩት ቢጫ ወይም ጥቁር በሆኑት «ላን» (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) ቀዳዳዎች እንጂ በተለየ ቀለም በሚታየው «ዋን» አይደለም፤ የቀለሙ ነገር ከራውተር ራውተር ይለያያልና ጽሑፉን ያንብቡ። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉ፣ ቻናሉን ግን 11።

መልስ (ከገላን ኮንዶሚኒየም)

ገጹ ውስጥ እያሉ የሚሠሩት ጥቂት ነገር ልጨምር። ጥበቃውን «ደብሊውፒኤ 2» ከ«ኤኢኤስ» ጋር ያድርጉ፤ «ደብሊውፒኤ 3» ካለውና ስልኮቻችሁ ከተቀበሉት ይበልጣል። «ደብሊውፒኤስ» የሚባለውን (የይለፍ ቃል ሳይጻፍ በአዝራር ወይም በኮድ የሚያገናኘውን) ያጥፉት፤ ባለ ስምንት አኃዙ ኮድ በሙከራ ሊሰበር እንደሚችል ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው። ሰርቪሱን ከፊሉን ካከራዩ ደግሞ ለተከራዮች «ጌስት» (የእንግዳ ዋይፋይ) የሚለውን ለይተው ይክፈቱላቸው። ስሙን መደበቅ ግን አይጠቅምም፤ ያው መቃኛ መተግበሪያ ያገኘዋል።

ጠያቂው

ቻናሉን 1፣ ስፋቱን 20 ካደረግኩ በኋላ ምሽቱ በግልጽ ተሻሻለ፤ ሮቶው ሲሞላ ግን የተባለው አልቀረም፣ እንደገና ይንገዳገድ ነበር። ቅዳሜ ገመዱን ዘርግተን አሮጌውን ራውተር ከሰርቪሱ በር በላይ ሰቀልነው። ዲኤችሲፒውን ማጥፋት ረስቼ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳሎንም ጓሮም ጨለማ ሆኖብን ነበር፤ ምክሩን ተመልሼ ሳነብ አስታወስኩት። አሁን ልጄ ትምህርቷን በቪዲዮ እየተከታተለች ነው።