ቅንፍ ሲፈታ ምልክቱ ለምን ይገለበጣል?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ቱሉ ዲምቱ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ 13 ዓመት ሆኖኛል፤ ዘንድሮ የሂሳብ አያያዝ በማታው ክፍለ ጊዜ መማር ጀመርኩ። ከኮሌጅ ኮዬ ፈጬ ቤቴ የምደርሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስለሆነ የማጠናው ልጄ ከተኛች ወዲያ፣ ኩሽና ውስጥ ነው።

ትናንት እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፦
7 − 2(ሀ − 3) = 3ሀ − 2

አራት ጊዜ ሠራሁት፤ አራቴም ሀ = 3/5 ወጣልኝ። መልሱ 3 ነው። «ከቅንፍ በፊት ነጋቲቭ ካለ ምልክቱ ይገለበጣል፤ የእኩል ምልክትን ሲሻገርም ይገለበጣል» ተብሎ ጽፈናል። ደንቡን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ምክንያቱን ስለማላውቀው ግን ፈተና ላይ እጄ ያመነታል። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ አለ?

ጡረተኛው መምህር፣ ከሰበታ፦
ልጄ፣ −2ን በ−3 ስታባዢ −6 ጽፈሻል፤ +6 ነው። ምክንያቱ ከመደብርሽ አይርቅም። ደንበኛ 100 ብር ይዞ መጣ እንበል። የአንዱ አምፖል ዋጋ ሀ ብር ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ 3 ብር ቀነስሽለትና ሁለት ገዛ። የሚቀረው 100 − 2(ሀ − 3) ነው። ቅናሹን ረስተሽ ሙሉውን 2ሀ ብትቆርጪበትስ? 6 ብር ትመልሺለታለሽ፤ ስለዚህ 100 − 2ሀ + 6። ያቺ የመደመር ምልክት ወደ ኪሱ የተመለሰችው 6 ብር ናት።

«ሲሻገር» የሚለውን ደግሞ እርሺው፤ የሚሻገር ነገር የለም። በጥያቄሽ 7 እና 6 ተደምረው 13 − 2ሀ = 3ሀ − 2 ላይ ስትደርሺ በሁለቱም ወገን 2ሀ ደምሪ፦ 13 = 5ሀ − 2። እንደገና በሁለቱም ወገን 2 ደምሪ፦ 15 = 5ሀ። ለአልጀብራ ትምህርት ስሙን ያወጣለትም ይኸው ሥራ ነው። የሂሳብ ሊቁ አል ኽዋሪዝሚ በ820 እ.ኤ.አ. አካባቢ ባግዳድ ሆኖ ሲጽፍ፣ የተቀነሰውን በሁለቱም ወገን መልሶ መሙላትን «አል ጀብር» አለው። ቃሉ በዐረብኛ የተሰበረ አጥንት መጠገንንም ያመለክታል፤ የወጌሻ ሥራ ማለት ነው። ያ ሰው ሁሉንም በቃላት ነበር የሚጽፈው፤ ከምሳሌዎቹም ብዙዎቹ የውርስ ክፍፍል ናቸው።

የማታው ምሩቅ፦
እህቴ፣ እኔ በ36 ዓመቴ ነው የተማርኩት። አንድ ነገር ልጨምር፦ አራት ጊዜ ከመድገም ያገኘሽውን መልሰሽ አስገቢው። 3/5ን ብታስገቢ ግራው 11.8፣ ቀኙ −0.2 ይሆናል። መልሱን የሚነግርሽ ሰው ሳያስፈልግሽ ስህተቱን ራስሽ ትይዢዋለሽ። እኔን አስሬ ይጥለኝ የነበረው ክፍልፋይ ነው፤ ከጎረቤት ልጅ የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሼ አንድ ወር ሙሉ እሱን ብቻ ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ነው አልጀብራው የቀለለኝ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከደረሰኝ ጀርባ ሠራሁት። ሀ = 3፤ መልሼ ሳስገባው ግራው 7፣ ቀኙም 7። በዚያ ሰልፍ ላይ እንባዬ መጣ። የቅናሹን ነገርማ በቀን ስንት ጊዜ ስሠራው ነው የምውለው!

አንድ ልጠይቅዎ፦ ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ −2ሀ < 6 የሚል አለ፤ በ−2 ሲካፈል ሀ > −3 ይሆናል ይላል። እዚህስ ምልክቱ ለምን ይዞራል?