ከድሬዳዋ እስከ ጋራ ሙለታ፦ ቆቅን በድምፅ እንዴት እንለይ?

ግራር_ሥር፦
ሰላም ወገኖች። ሦስት የወፍ ድምፅ ቅጂ አለኝ። ድምፅ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ ሦስቱንም «ግራውስ» ይላቸዋል፤ እኔን አላሳመነኝም።
1. ድሬዳዋ አጠገብ መልካ ጀብዱ አካባቢ፣ ግራር በበዛበት ሜዳ፣ ጎህ ሲቀድ። ሻካራ፣ ጮክ ያለ፣ እየወረደ የሚሄድ ድምፅ።
2. አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ። ያለ እረፍት የሚደጋገም ፈጣን ጩኸት።
3. ድንጋያማ ኮረብታ ሥር ካለ ኩሬ፣ ጨለማ ሲይዝ፣ ከላይ ሲበር የተሰማ ፉጨት።
የትኞቹ ናቸው?

ኩይሳ፦
አቦ፣ መተግበሪያውን ተወው። እውነተኛው ግራውስ የሰሜኑ ቀዝቃዛ አገር ወፍ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ በዱር አይገኝም። እዚህ የምንሰማው ቆቅ ነው፤ በኦሮምኛ ጎጎሪ የሚሉት።

አንደኛው ቢጫ አንገት ቆቅ ነው። «ኮ-ዋርርክ፣ ኮ-ዋርክ፣ ኮዋክ» ይላል፤ የመጀመሪያው ከፍ ብሎ የቀሩት እየደከሙ ይሄዳሉ፣ ጉሮሮው የደረቀ አውራ ዶሮ ይመስላል። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኩይሳ ወይም የደረቀ ጉቶ ላይ ወጥቶ ነው የሚጮኸው። ስለዚህ መሬት መሬቱን አትፈልግ፤ ድምፁ በመጣበት አቅጣጫ ከፍ ያለውን ነገር ሁሉ በአቅራቢ መነጽር (ባይኖኩላር) ቃኝ። ላባ የሌለው ቢጫ ጉሮሮው ከሩቅ ያበራል። ሲነሳ ክንፉ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ይታያል።

ሁለተኛውን አብዛኛው ሰው የሚስተው ወፉ አንድ ስለሚመስለው ነው። ባለ ጉትያ ቆቅ ጥንድ ሆኖ ይጮኻል፤ አንዱ «ኪ-ኬክ» ሲል ሌላው «ኪርራ» ብሎ ይቀበለዋል፣ ቅብብሉ ስለሚፈጥን ስልክ ላይ አንድ ድምፅ ሆኖ ይቀዳል። ለማረጋገጥ ቅጂውን በግማሽ ፍጥነት ክፈተው። ካየኸው ደግሞ ጅራቱን እንደ ዶሮ አቁሞ ይሮጣል፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር አለው፣ እግሩ ቀይ ነው።

ጀንበር፦
ሦስተኛው ቆቅም አይደለም፤ ሳንድግራውስ ነው። መተግበሪያው የተሳሳተውም ምናልባት በስሙ ምክንያት ይሆናል፣ ዝምድናው ግን ከግራውስ ይልቅ ወደ ርግብ ይቀርባል። ዋናው መለያ ሰዓቱ ነው። ሊክተንስታይን የሚባለው ሳንድግራውስ ውሃ የሚጠጣው ከጨለመ በኋላና ከመንጋቱ በፊት ሲሆን ቀን ድንጋያማ ዳገት ላይ ተኝቶ ይውላል። ሰውነቱ በጥቃቅን መስመሮች ስለተዥጎረጎረ ሊረግጡት ሲደርሱ ነው የሚነሳው። ፉጨቱ «ኩዊት-ዉ» የሚል ነው።

ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት በመንጋ ውሃ ላይ የሚወርድ ካየህ ግን ሌላ ነው፦ ሆደ ደማቅ ቡናማው ሳንድግራውስ። መኖሪያው ሜዳ ነው፣ ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለ፣ ክንፉ ከሥር ጥቁር። ድምፁም ፉጨት ሳይሆን የሚንጎራጎር «ኩት-ሮ፣ ኩት-ሮ» ነው። ወንዱ የሆዱን ላባ ውሃ ውስጥ ነክሮ ለጫጩቶቹ ይወስዳል፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሰውነቱን ሲያወዛውዝ የቆየ ካየህ እየታጠበ አይደለም። በዚያን ጊዜ ኩሬው አፍ ላይ አትቀመጥ፣ ሳይጠጡ ይመለሳሉ።

ግራር_ሥር፦
እናመሰግናለን። ወደ ሐረር ከፍ ሲባልስ? ጅግራ ከቆቅ በድምፅ ይምታታል?

ኩይሳ፦
ጅግራ አይምታታም። ሴቷ «ባክ-ዊት» እያለች ባለ ሁለት ክፍል ድምፅ ትደጋግማለች፣ ወንዱ አንድ ክፍል ብቻ «ቼክ-ቼክ» ይላል። ማታ ዛፍ ላይ ያድራሉ፣ ሲመሽ ጫጫታቸው ከአንድ ዛፍ የሚመጣ ከሆነ ጅግራ ነው።

ደጋው ላይ ከፍታው ብዙውን ሥራ ይሠራልሃል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ፣ የጋራ ሙለታ ተራራ ደግሞ ከ3,000 ይዘላል። ቢጫ አንገቱን ጥድ መሐል አትጠብቀው። እዚያ «ኬክ-ኬክ-ኬክ-ኬራክ» የሚል የተንጫጫ ድምፅ ከሰማህ ማጅራቱ ቀላ ያለው የደጋ ቆቅ ነው፤ መንቆሩም እግሩም ቀይ ነው። ጥድና አስታ (የደጋ ቁጥቋጦ) ያለበትን የጫካ ጫፍ ይወዳል።

ጀንበር፦
አንድ ልጨምር። ከዝናብ በኋላ ሐሮማያ አካባቢ ሣር ውስጥ «ዊት፣ ዊት-ዊት» የሚለው ድርጭት ነው፣ ብዙ ጀማሪ የቆቅ ጫጩት ይለዋል። ስትቀዳ ደግሞ ስልኩን በእጅህ አትያዝ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ራቅ በል፤ የጣት መሻሸት ዝቅ ያለውን የሳንድግራውስ ጉርምርምታ ይውጠዋል። ገደል አጠገብ ከሆነ ቦታ ቀይረህ ድገም፣ የገደል ማሚቶ አንዱን ቆቅ ጥንድ ያደርገዋል። ቅጂውን መልሰህ ጮክ አድርገህ ለወፉ አታሰማ፤ በመራቢያ ጊዜ ወንዱ ባላንጣ መጣ ብሎ ይረበሻል። ፋይሉ ስም ላይ ሰዓቱን፣ ከፍታውንና በዙሪያው ያለውን ዛፍ ጻፍ።