ቶዝ የሚባለው የስኮትላንድ መግረፊያ በአማርኛ ምን ልበለው?

ሚሚ ኤደንብራ፦ ሰላም ሰላም እስቲ እርዱኝ። አማቴ የባሌ አባት ስኮትላንዳዊ ናቸው፣ ፋይፍ ነው ያደጉት። የልጅነት ታሪካቸውን ጽፈውልኝ ለእናቴ በአማርኛ እየመለስኩላት ነው፣ እና አስተማሪው «ቶዝ» አውጥቶ እጄን መታኝ የሚል ቦታ ላይ ቆምኩ። ትራንስሌተሩ ጅራፍ ይለኛል፣ ክፍል ውስጥ ጅራፍ ደግሞ አልዋጥልሽ አለኝ። ቃሉስ ከየት ነው የመጣው?

አቤል ቲ፦ ጅራፍ እንዳትዪ እህቴ። ጅራፍ የተገመደ ረጅም ነገር ነው፣ ቶዝ ግን ወፍራም ጠፍጣፋ ጠፍር ሆኖ ጫፉ ለሁለት ወይ ለሶስት የተሰነጠቀ ነው። ልጁ አንዱን እጁን ባንዱ ላይ ደርቦ ይዘረጋና መዳፉን ይመቱት ነበር። ተማሪዎቹ ራሳቸው ባብዛኛው «ቤልት» ነበር የሚሉት።

የቆዳ ልጅ፦ ከቆዳ ስራ ነው የመጣው። «ቶ» በድሮ እንግሊዝኛ ቆዳ ማልፋት ነው፣ በተለይ አሉም በሚባል ማዕድንና በጨው ነጭ አድርጎ ማልፋት፣ ከዛ የለፋው ቆዳ ጠፍሩም «ቶ» ተባለ፣ ቶዝ ብዙ ቁጥሩ ነው ግን ላንዱም ይሉታል።

ሄለን ግላስጎ፦ ፋይፍ ካደጉማ እዛው ሎክጌሊ የምትባል ከተማ ነበር ዋናው የሚሰራው፣ ኮርቻና ልጓም የሚሰሩ ሰዎች ነበሩ የሚያዘጋጁት፣ ቀላል መካከለኛ ከባድ እያሉ በውፍረቱ ይለዩት ነበር። ለልጅ መምቻ በደረጃ መሸጡ ሁሌ ያናድደኛል! ያስቆሙት ደግሞ እናቶች ናቸው፣ ካምቤልና ኮሳንስ የሚባሉ ሁለት የስኮትላንድ እናቶች እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሄደው በፈረንጆች 1982 አሸነፉ፣ ልጄ አይመታ የሚል የወላጅ እምነት ይከበር ተብሎ። 1987 ላይ በመንግስት ትምህርት ቤቶች ቀረ። ስኮትላንድ ቤት ውስጥም ልጅ መምታት የከለከለችው 2020 ነው።

ሚሚ ኤደንብራ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ሌላ ገጽ ላይ «ሎክጌሊውን ከመሳቢያ አወጣው» ብለዋል፣ እሱም ያው ነው ማለት ነው?

አቤል ቲ፦ አዎ በከተማዋ ስም ይጠሩታል። መጀመሪያ ላይ «ቶዝ የሚሉት ጫፉ የተሰነጠቀ የቆዳ ጠፍር» በያት፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ቦታ «ጠፍሩ» ብቻ ይበቃል፣ እማማ ጠፍር አይጠፋቸውም።